እንግዳው ኮከብና የመስታወቱ ሰሌዳ

ትምህርት አሥራ ሦስት

ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ከጨረሱ በኋላ፣
1. አንድን የሳይንስ ጽሑፍ አንብበው ዋና ሐሳቡን ለይተው ይናገራሉ፤
2. የአዳዲስ ቃላትን ፍች ከአገባባቸው ይረዳሉ፤
3. በዓይን የታየን ነገር ከተገመተ ነገር ለይተው ይጽፋሉ።

ሀ. ከንባብ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል ተወያዩባቸው።
1. ከዋክብት ይወለዳሉ፣ ይሞታሉ ማለት ይቻላልን? ለምን?
2. አንድ ነገር በጣም ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ ከሆነ መንቀሳቀሱን በምን ማወቅ ይቻላል?
3. ፎቶግራፍ ዓይን የማያየውን ነገር ሊያሳይ የሚችል ይመስላችኋልን?

ለ. ምንባብ

ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ በጸጥታ አንብቡ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰማይ በሌሊት ለሚመለከተው ሰው የማይለወጥ ይመስላል። ጨረቃ ትሞላለች፣ ትጎድላለች፤ ፕላኔቶችም ቦታቸውን ይለውጣሉ፤ ከዋክብት ግን አባቶች ባዩአቸው ቦታ ልጆችም ያዩአቸዋል። በዚህም ምክንያት ከጥንት ሊቃውንት ብዙዎቹ የከዋክብትን ዓለም መወለድም መሞትም የሌለበት አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ፣ ሠውር ወይም በሬ በሚባለው የከዋክብት ክምችት ውስጥ የሚገኘው የሸርጣን ኔቡላ ነው።

ኔቡላ ማለት በጠፈር ውስጥ የተዘረጋ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። የሸርጣን ኔቡላ ግን እንዲሁ የተንሳፈፈ ደመና ሳይሆን የአንድ የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ ነው። ይህን እውነት ያገኘው አንድ ሰው ወይም አንድ ሕዝብ አይደለም። በተለያዩ አገሮችና በተለያዩ ዘመናት የኖሩ ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ምን ላይ እንደሚደርስ ሳያውቅ፣ ያዩትን በታማኝነት መዝግበው በማቆየታቸው የተገኘ እውነት ነው።

የ1054ቱ እንግዳ ኮከብ

በጁላይ ወር 1054 በቻይና አገር፣ የሱንግ ሥርወ መንግሥት ዋና ከተማ በነበረችው በካይፈንግ፣ የቤተ መንግሥቱ ኮከብ ቆጣሪዎች ሊነጋ ሲል በምሥራቅ በኩል ከዚያ በፊት ያልነበረ ኮከብ አዩ። ጊዜው በኢትዮጵያ ንጉሥ ላሊበላ ከመንገሡ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። ቻይናውያኑ እንዲህ ያለውን ኮከብ “እንግዳ ኮከብ” ይሉት ነበር፤ እንደ እንግዳ ድንገት መጥቶ፣ ጥቂት ሰንብቶ፣ ተመልሶ የሚሄድ ነውና።

ያ ኮከብ እንደ አጥቢያ ኮከብ ደማቅ ስለ ነበር ለ23 ቀናት ያህል ፀሐይ ወጥታ እንኳ በቀን ይታይ ነበር። ከዚያ በኋላ እየደበዘዘ ሄዶ በሌሊት ብቻ ይታይ ጀመር። በመጨረሻም በ1056 የጸደይ ወራት፣ ከታየ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ከዓይን ተሰወረ። ኮከብ ቆጣሪዎቹ የታየበትን ቀን፣ በአጠገቡ ያለውን ነባር ኮከብ፣ ቀለሙንና የቆየበትን ጊዜ አንድ በአንድ ጻፉ። በጃፓንም ስለዚሁ ኮከብ የተጻፈ መዝገብ ይገኛል። ኢብን ቡጥላን የተባለ የባግዳድ ሰው፣ በሙያው ሐኪም፣ በዚያ ዘመን ስለ ታየ አዲስ ኮከብ ጽፎ ነበር።

እነዚህ ሰዎች የኮከቡን ምንነት አላወቁም። የቻይና ኮከብ ቆጣሪዎች ዋና ሥራ የሰማይን ምልክት እየተረጎሙ ለንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥቱን ዕድል መንገር ነበርና፣ እንግዳውን ኮከብ የመልካም ዕድል ምልክት ነው ብለው ተረጎሙት። ኢብን ቡጥላን ደግሞ በዚያ ዘመን ከወረደው የበሽታ መቅሠፍት ጋር አያያዘው። ሁለቱም ትርጓሜዎች ዛሬ ዋጋ የላቸውም። ቀኑ፣ ቦታውና የታየበት ዘመን ርዝመት ግን ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በኋላ እንኳ ዋጋቸው አልቀነሰም።

የጅራታም ኮከብ አዳኙ መዝገብ

ከዚያ በኋላ ወደ ሰባት መቶ ዓመታት ገደማ ስለ ኮከቡ የተናገረ አልነበረም። በ1731 ጆን ቤቪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በቴሌስኮፕ ሰማይን ሲመለከት በሠውር ቀንድ ጫፍ አጠገብ አንድ የደበዘዘ ጭጋግ አየ። በ1758 ደግሞ ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲየ ጅራታም ኮከብ ሲከታተል ያንኑ ጭጋግ አገኘ። ጅራታም ኮከብ ከሩቅ ሲታይ እንደ ጭጋግ ሆኖ ይጀምራል፤ ነገር ግን ከሌሊት ወደ ሌሊት ቦታውን ይለውጣል። ሜሲየ ያየው ጭጋግ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ሜሲየ ይፈልግ የነበረው ጅራታም ከዋክብትን ስለ ነበር እንዲህ ያለው የማይንቀሳቀስ ጭጋግ ለሥራው እንቅፋት ሆነበት። ስለዚህ እርሱንም ሌሎችንም እንዳያሳስት በማለት ጅራታም ኮከብ የሚመስሉ ነገር ግን ያልሆኑ ነገሮችን መዝገብ አዘጋጀ። በ1781 የወጣው መዝገብ 103 ያህል ነገሮችን የያዘ ሲሆን፣ የሠውሩ ጭጋግ ተራ ቁጥር 1 ተሰጠው። እስከ ዛሬም ድረስ የሥነ ፈለክ ጠበብት ይህን ኔቡላ “ሜሲየ 1” ብለው ይጠሩታል። እንቅፋት ተብሎ የተመዘገበው ነገር ጅራታም ከዋክብቱን ሁሉ በዝና በለጣቸው።

የእጅ ሥዕልና ፎቶግራፍ

በ1840ዎቹ ዓመታት ሎርድ ሮስ የተባለ የአየርላንድ መኳንንት በገዛ ግቢው ውስጥ ታላላቅ ቴሌስኮፖች አሠርቶ ነበር። ከእነዚህ በአንዱ ኔቡላውን ተመልክቶ ሥዕሉን በእጁ ነደፈ። ሥዕሉ ብዙ እግሮች ያሉት ነፍሳት ይመስል ስለ ነበር ኔቡላው “ሸርጣን” የሚለውን ስም አገኘ። በኋላ በ1848 ሎርድ ሮስ የመስተዋቱ ስፋት 1.8 ሜትር በሆነው ትልቁ ቴሌስኮፕ መልሶ ቢመለከተው የሸርጣኑን መልክ ሊያገኘው አልቻለም። ስሙ ግን ቀረ።

ይህ ሁኔታ የእጅ ሥዕልን ድክመት ያሳያል። ሠዓሊው ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ በደበዘዘ ብርሃን ውስጥ የሚያየው ነገር ግማሹ ከዓይኑ፣ ግማሹ ከአእምሮው የሚመጣ ነው። ሁለት ሰዎች አንድን ኔቡላ አይተው ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች ቢሥሉ፣ የተለወጠው ኔቡላው ይሁን ወይም ሠዓሊው ማወቅ አይቻልም።

ፎቶግራፍ ይህን ችግር አቃለለው። የሰው ዓይን ብርሃንን አያጠራቅምም፤ አንድን የደበዘዘ ነገር ለአንድ ሰዓት ቢመለከት ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ይበልጥ ደምቆ አይታየውም። ብርሃን የሚቀበል ኬሚካል የተቀባ የመስታወት ሰሌዳ ግን በላዩ የወደቀውን ብርሃን ሁሉ ያጠራቅማል። ከኔቡላው የሚመጣው ብርሃን በእያንዳንዱ ቅጽበት እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ ሰሌዳው ለአንድ ሰዓት ወይም ለሁለት ሰዓት ክፍት ሆኖ ቢቆይ ጠብታ በጠብታ ላይ እየተጨመረ ማሰሮ እንደሚሞላ ምስሉ እየጎላ ይሄዳል።

በ1880 በአሜሪካ ሄንሪ ድሬፐር የኦሪዮንን ኔቡላ ፎቶግራፍ አነሣ። ይህም የኔቡላ የመጀመሪያ ፎቶግራፍ ነው። በ1892 ደግሞ በዌልስ የተወለደው አይዛክ ሮበርትስ የሸርጣን ኔቡላን በፎቶግራፍ አነሣ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የኔቡላው መልክ በአንድ ተመልካች ዓይንና እጅ ላይ የተመካ መሆኑ ቀረ። ሰሌዳው በሣጥን ተቀምጦ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሌላ ሰው አውጥቶ ሊመረምረው ቻለ።

ሁለቱ ሰሌዳዎች

በካሊፎርንያ በዊልሰን ተራራ ላይ ካለው የምርምር ጣቢያ በ1909 የሸርጣን ኔቡላ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነበር። በ1921 ጆን ዱንካን የተባለ አሜሪካዊ በዚያው ጣቢያ ሌላ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሁለቱን ሰሌዳዎች ጎን ለጎን አስቀመጠና አወዳደራቸው። በአካባቢው ያሉት ከዋክብት በሁለቱም ሰሌዳዎች ላይ በአንድ ቦታ ነበሩ። የኔቡላው ክሮች ግን በአዲሱ ሰሌዳ ላይ ከመሀል ወደ ውጭ ትንሽ ርቀው ተገኙ። በቀኝ ያሉት ወደ ቀኝ፣ በግራ ያሉት ወደ ግራ፣ በላይ ያሉት ወደ ላይ፣ በታች ያሉት ወደ ታች ሄደዋል። እንግዲህ ኔቡላው በየአቅጣጫው እየሰፋ ነው ማለት ነው።

የታየው ለውጥ እጅግ ጥቂት ነበር። የሙሉ ጨረቃ ስፋት በአንድ ሺህ ቢከፈል፣ ዳር ላይ ያሉት ክሮች በአሥራ አንድ ዓመት ተኩል ውስጥ የሄዱት ከአንዱ እጅ ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ያለውን ለውጥ በዓይንና በእጅ ሥዕል ማግኘት ከቶ የማይቻል ነው። የ1909ኙን ሰሌዳ ያነሡት ሰዎች ፎቶግራፋቸው ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናል ብለው አላሰቡም። ነገር ግን ሰሌዳው በጥንቃቄ ተነሥቶ በጥንቃቄ ባይቀመጥ ኖሮ የዱንካን ሥራ ቢያንስ ሌላ አሥር ዓመት በዘገየ ነበር።

አንድ መንገደኛ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነና ከቤቱ 45 ኪሎ ሜትር ርቆ ከተገኘ፣ የተነሣው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መሆኑ በቀላል ሒሳብ ይታወቃል። የኔቡላውም ክሮች በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚጓዙና አሁን ከመሀሉ ምን ያህል እንደ ራቁ ከታወቀ፣ ከመሀል የተነሡበት ዘመን ይታወቃል። ኤድዊን ሀብል በ1928 ይህን ሒሳብ ጠቅሶ የኔቡላው ዕድሜ 900 ዓመት ያህል ነው አለ። ከ1928 ላይ 900 ዓመት ወደ ኋላ ሲቆጠር ደግሞ እንግዳው ኮከብ ከታየበት ዘመን አጠገብ ይደርሳል። ሲዊድናዊው ክኑት ሉንድማርክ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በ1921፣ በጥንት መዛግብት የተጠቀሱትን አዳዲስ ከዋክብት ዝርዝር አውጥቶ የ1054ቱ ኮከብ በዚህ ኔቡላ አጠገብ እንደ ታየ አመልክቶ ነበር።

ጉዳዩ ፈጽሞ የተረጋገጠው በ1942 ነው። ዳይፈንዳክ የተባለው ሆላንዳዊ የቻይንኛ ቋንቋ ሊቅ የጥንቱን መዛግብት መረመረ፣ ተረጎመ። የሥነ ፈለክ ጠበብቱ ያን ኦርትና ኒኮላስ ሜየል ደግሞ ትርጉሙን በቴሌስኮፕ ከተገኘው ልኬት ጋር አስተያዩት። የቋንቋ ሊቁ ያለ ጠበብቱ የኮከቡን ምንነት ሊያውቅ ባልቻለ ነበር፤ ጠበብቱም ያለ ቋንቋ ሊቁ ኮከቡ የታየበትን ቀን ሊያውቁ ባልቻሉ ነበር።

በኋላ የተደረጉ ጥንቁቅ ልኬቶች አንድ አስገራሚ ነገር ገለጡ። ክሮቹ ዘወትር በዛሬው ፍጥነታቸው ተጉዘው ቢሆን ኖሮ፣ ከመሀል የተነሡበት ጊዜ በ1100ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይውል ነበር። ኮከቡ ግን በ1054 መታየቱ በጽሑፍ የተረጋገጠ ነው። ይህ ልዩነት የመዛግብቱ ስሕተት አይደለም። ክሮቹ ከጊዜ ወደ ጊዜ ፍጥነታቸው እየጨመረ መምጣቱን፣ ይኸውም ከመሀል የሚገፋቸው አንድ ኃይል መኖሩን የሚያሳይ ነው። የጥንቱ ጽሑፍ የዘመናዊውን ልኬት ትርጉም አቃና ማለት ይቻላል።

በመሀሉ ያለው ነገር

ዛሬ የሸርጣን ኔቡላ ከምድር 6,500 የብርሃን ዓመት ያህል እንደሚርቅ ይታወቃል። አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት ውስጥ የሚጓዘው ርቀት ሲሆን፣ 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህም ኮከቡ በእርግጥ የፈነዳው በ1054 ሳይሆን ከዚያ 6,500 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። በ1054 የሆነው ነገር የፍንዳታው ብርሃን ወደ ምድር መድረሱ ነው። የኔቡላው ስፋት 11 የብርሃን ዓመት ያህል ሲሆን፣ ጋዙ በሴኮንድ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይሮጣል። ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ ካለው የአየር ርቀት በአንድ ሴኮንድ የበለጠ መጓዝ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ፍንዳታ ሱፐርኖቫ ይባላል። ከፀሐይ ስምንት እጥፍ ያህልና ከዚያ በላይ ክብደት ያለው ኮከብ በማዕከሉ ያለውን ሃይድሮጂን እያቃጠለ ወደ ሂልየም፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ ወደ ከባድ ንጥረ ነገሮች ይለውጣል። ማዕከሉ ወደ ብረት ሲለወጥ ግን ከብረት ተጨማሪ ኃይል ማግኘት ስለማይቻል የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተዋል። ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ማዕከሉ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ የውጪው ክፍል ደግሞ ወደ ጠፈር ይረጫል። በሰው ደም ውስጥ ያለው ብረትና በአጥንቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ምድር ከመፈጠሯ በፊት በፈነዱ ከዋክብት ውስጥ የተሠሩ ናቸው።

በኔቡላው መሀል ከወደቀው ማዕከል የቀረው ነገር አለ። እርሱም ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ፣ ክብደቱ ግን ከፀሐይ የሚበልጥ የኒውትሮን ኮከብ ነው። በ1968 በሬድዮ ቴሌስኮፕ እንደ ተደረሰበት ይህ ኮከብ በአንድ ሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፤ በዞረ ቁጥርም ብርሃኑ እንደ መርከብ መብራት ብልጭ ይላል። እንዲህ ያለው ኮከብ ፐልሳር ይባላል። ጋዙን የሚገፋውና ኔቡላውን የሚያበራው ኃይል ከዚሁ ነገር የሚወጣ ነው።

ይህ ኮከብ ከ1968 በፊት በብዙ ሰሌዳዎች ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ማንኛውም ተራ ኮከብ ጸንቶ የሚያበራ ነጥብ ይመስል ነበር። ሰሌዳው ብርሃንን ለረጅም ጊዜ የሚያጠራቅም በመሆኑ፣ በሺህ የሚቆጠሩትን ብልጭታዎች አንድ ላይ ደምሮ አንድ ነጥብ አድርጓቸዋል። ስለዚህም ማንኛውም መሣሪያ አንዱን ነገር ሲገልጥ ሌላውን ሊሰውር እንደሚችል ማስተዋል ተገቢ ነው። በ1969 ፈጣን መለኪያ በቴሌስኮፕ ላይ ሲገጠም የኮከቡ ብልጭታ በሚታይ ብርሃንም ተረጋገጠ።

በዘመናችን ኔቡላውን ማየትና ማንሣት

የሸርጣን ኔቡላ ብርሃን ደካማ በመሆኑ ያለ መሣሪያ አይታይም። ሆኖም የከተማ መብራት በሌለበት ቦታና ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት በጥሩ የሁለት ዓይን መነጽር እንደ ትንሽ ጭጋግ ሆኖ ይታያል። ለኢትዮጵያና ለአካባቢዋ አገሮች ኔቡላው የሚገኝበት ቦታ አመቺ ነው፤ በሰማይ መካከል ሲያልፍ ከአናት ብዙም አይርቅምና፣ ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር ስስ ይሆናል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ማታ ማታ ሠውር ከፍ ብሎ ይታያል። ከሁለቱ የቀንዱ ጫፎች በደቡብ በኩል ባለው ኮከብ አጠገብ፣ የጨረቃን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ራቅ ብሎ ኔቡላው ይገኛል። ከአዲስ አበባ በላይ በእንጦጦ ተራራ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት በጨለማ ከሰፋ የሰው ዓይን ብሌን 20,000 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል።

ኔቡላውን ፎቶግራፍ ለማንሣት ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ክትትል ነው። ምድር ስለምትሽከረከር ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ የሚዞር ይመስላል፤ ቴሌስኮፑም በዚያው ፍጥነት በሞተር ካልተከተለ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ መስመር ይሆናሉ። ሁለተኛው ማጠራቀም ነው። የመስታወቱ ሰሌዳ በኤሌክትሮኒክ ካሜራ ከተተካ ወዲህ አንድ ረጅም ፎቶግራፍ በማንሣት ፈንታ በደቂቃዎች የሚቆጠሩ ብዙ ፎቶግራፎች ይነሡና በኮምፒዩተር ይደመራሉ። ካሜራው ራሱ የሚፈጥረውን የሐሰት ምልክት ለመለየት ደግሞ የቴሌስኮፑ ክዳን ተዘግቶ ሌላ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይህም ከመጀመሪያው ላይ ይቀነሳል። ሦስተኛው ማጣሪያ ነው። ሃይድሮጂን በቀይ፣ ኦክስጅን በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ባለ ቀለም ስለሚያበሩ፣ የአንዱን ቀለም ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ የተነሣ ፎቶግራፍ የትኛው ጋዝ የት እንዳለ ያሳያል። በመጽሐፍ ላይ የሚታየው ባለ ብዙ ቀለም ሥዕል እነዚህ አንድ ላይ ሲደረቡ የሚገኝ እንጂ ዓይን በቴሌስኮፕ ውስጥ የሚያየው አይደለም።

በምድር ዙሪያ የሚዞረው የሀብል ቴሌስኮፕ በ1999ና በ2000 ያነሣቸው 24 ፎቶግራፎች ተገጣጥመው የኔቡላው ታላቅ ሥዕል በ2005 ወጥቷል። በ2023 ደግሞ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በዓይን በማይታየው በሙቀት ጨረር አንሥቶታል። ነገር ግን ትምህርቱ የታላላቅ ቴሌስኮፖች ብቻ አይደለም። ዛሬ በትንሽ ቴሌስኮፕ የሚሠራ ትጉህ ሰው ኔቡላውን አንሥቶ፣ ፎቶግራፉን ከነቀኑ አስቀምጦ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና ቢያነሣው ዱንካን ያየውን መስፋት በገዛ ዓይኑ ሊያይ ይችላል።

“በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይባላል። የካይፈንግ ኮከብ ቆጣሪዎች ያዩት ኮከብ በሁለት ዓመት ውስጥ ጠፋ፤ ጽሑፋቸው ግን ቀረ። እንግዳውን ኮከብ በዚያ ዘመን በየአገሩ ያየው ሰው ቁጥሩ እጅግ ብዙ እንደ ሆነ አያጠራጥርም፤ ሰማዩ ለሁሉም አንድ ነበርና። ለዛሬው ዕውቀት መሠረት የሆኑት ግን ያዩትን የጻፉት ጥቂቶች ናቸው። የማያውቁትን ነገር በትክክል መመዝገብ፣ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዲያውቀው መንገድ መክፈት ነው።

ሐ. የምንባብ ጥያቄዎች

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. ቻይናውያን በ1054 የታየውን ኮከብ “እንግዳ” ያሉት ለምንድን ነው?
2. የኮከብ ቆጣሪዎቹ ትርጓሜ ዋጋ ሲያጣ መዝገባቸው ዋጋውን ያላጣው ለምንድን ነው?
3. ሜሲየ መዝገቡን ያዘጋጀበት ዓላማ ምን ነበር?
4. ከሰው ዓይን ይልቅ የመስታወት ሰሌዳ የሚበልጥበትን አንድ ነገር፣ የሚያንስበትንም አንድ ነገር ግለጹ።
5. ዱንካን ኔቡላው እየሰፋ መሆኑን ያወቀው እንዴት ነው? በሁለቱ ሰሌዳዎች ላይ ከዋክብቱ ከቦታቸው አለመንቀሳቀሳቸው ለምን ጠቀመው?
6. አንድ መንገደኛ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሆኖ ከቤቱ 36 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢገኝ ከስንት ሰዓት በፊት ተነሣ? መንገደኛው በመጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ በኋላ ፈጥኖ ሄዶ ቢሆንስ መልሱ ይለወጣልን? ይህን ከኔቡላው ዕድሜ ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።
7. በ1942 የቋንቋ ሊቅና የሥነ ፈለክ ጠበብት አብረው መሥራታቸው ምን ጥቅም አስገኘ?

መ. የቃላት ጥናት

1. የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍች ጻፉ።
ሀ) ፍርስራሽ  ለ) ተሰወረ  ሐ) መቅሠፍት  መ) ነደፈ  ሠ) ንቅንቅ አላለም  ረ) አስተያዩት  ሰ) አቃና

2. ለሚከተሉት ቃላት ተቃራኒ ፈልጉና በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።
ሀ) ደማቅ  ለ) ነባር  ሐ) ሰፋ  መ) ገለጠ

ሠ. ሰዋስው

“ሠዓሊው ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ የሚያየው ነገር ግማሹ ከአእምሮው የሚመጣ ነው” በሚለው ዐረፍተ ነገር የመጀመሪያው ሐረግ የሁለተኛውን እውነትነት እንደማያስቀር ያመለክታል። “ሰሌዳው በጥንቃቄ ባይቀመጥ ኖሮ የዱንካን ሥራ በዘገየ ነበር” የሚለው ደግሞ ያልሆነን ነገር ቢሆን ኖሮ ብሎ የሚገምት ነው። የሚከተሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች እንደ ምሳሌዎቹ አድርጋችሁ አያይዙ።
1. ኮከቡ በጣም ይርቃል። ብርሃኑ ወደ ምድር ይደርሳል። (እንደ መጀመሪያው ምሳሌ)
2. ኮከብ ቆጣሪዎቹ ቀኑን ጻፉ። ኮከቡ የታየበት ዘመን ታወቀ። (እንደ ሁለተኛው ምሳሌ)
3. ቴሌስኮፑ ሰማይን ተከተለ። ከዋክብቱ ነጥብ ሆነው ታዩ። (እንደ ሁለተኛው ምሳሌ)

ረ. የጽሕፈት ልምምድ

ቀስ ብሎ የሚለወጥ አንድ ነገር ምረጡ፤ ለምሳሌ ፀሐይ ከተራራ ወይም ከሕንፃ ጀርባ የምትወጣበትን ቦታ፣ የአንድን ችግኝ ቁመት፣ ወይም የወንዝን ውሃ ከፍታ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓትና ከአንድ ቦታ እየተመለከታችሁ ለስምንት ሳምንታት መዝግቡ። በደብተራችሁ ገጽ ላይ ሁለት ዓምዶች አስምሩ፤ በመጀመሪያው ዓምድ ያያችሁትን ብቻ፣ በሁለተኛው ስለ ምክንያቱ የምታስቡትን ጻፉ። ስምንቱ ሳምንታት ሲያልቁ ሁለቱን ዓምዶች አስተያይታችሁ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ፤ ለክፍል ጓደኞቻችሁም አንብቡላቸው።